የስኪ ጀልባ ከነተሳቢው ለገጣፎ ጋራዥ ውስጥ፦ ከኋላው ግድግዳ በፊት ቁልቁለቱን ይለኩ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ቤቱ ለገጣፎ ነው። ጋራዡ ከውስጥ 6.70 ሜትር ይጠልቃል፣ 3.60 ሜትር ይሰፋል። በሩ ባለ ሁለት ተካፋች የላሜራ በር ነው፤ ወደ ውስጥ ይከፈታል፣ የሚያሳልፈው 2.70 ሜትር በስፋት፣ 2.15 ሜትር በከፍታ ነው። ከግቢው በር እስከ ጋራዡ ደጃፍ 9 ሜትር ሲሆን፣ መሬቱ በዚህ ርቀት ወደ ጋራዡ 1 ሜትር ይወርዳል። ጀልባው 20 ጫማ የውሃ ስኪ ጀልባ ነው። ባለ አንድ አክስል ተሳቢው ላይ ሲቀመጥ፣ ከመጎተቻ ክንዱ ጫፍ እስከ ኋላው መረማመጃ 7.55 ሜትር ይረዝማል። በጎማ ሽፋኖቹ በኩል 2.45 ሜትር ይሰፋል። የፊት መስታወቱ ከመሬት 1.90፣ ታወር የሚሉት የብረት ቅስት ደግሞ ታጥፎ 2.10 ሜትር ላይ ይደርሳል። ጠያቂው ከላንጋኖ ሲመለሱ ቤት ሊያሳድሩት ይፈልጋሉ፤ «የኋላውን ግድግዳ አፍርሼ አንድ ሜትር ላስረዝም ወይ?» ነው የሚሉት።

አያፍርሱ። ርዝመቱ ካሉብዎ ችግሮች ሁሉ ቀላሉ ነው። የሚያስቸግርዎ ቁልቁለቱ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ የበሩ አከፋፈት። ግድግዳ አስረዝመው ሲያበቁ ጀልባው የበሩ ቢም ላይ ተደግፎ ቢቀር ገንዘብዎን በከንቱ አፈሰሱ ማለት ነው።

መጀመሪያ ርዝመቱን እንጨርሰው። መረማመጃው በአብዛኞቹ የስኪ ጀልባዎች ላይ በፒን ወይም በጥቂት ቡሎኖች የተያዘ ነው፤ ይወልቃል። 55 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀንስልዎታል፣ 7.00 ይቀራል። ቀጥሎ የመጎተቻ ክንዱ ነው። ክንዱ ላይ መታጠፊያ ሲገባለት ከፊት 75 ሴንቲ ያህል ወደ ጎን ይታጠፋል፤ 6.25 ይቀራል። ከ6.70 ላይ 45 ሴንቲ ተረፈ ማለት ነው። ከኋላ 20፣ ከፊት 25 አድርገው ያካፍሉት።

ይህ ቁጥር የሚሠራው ግን መታጠፊያው ትክክለኛ ቦታው ላይ ከገባ ነው። መታጠፊያው የጀልባውን አፍንጫ ከሚይዘው የዊንች ምሰሶ ፊት መሆን አለበት፤ ከምሰሶው ኋላ ከሆነ ክንዱ ሲታጠፍ ጀልባው መደገፊያ ያጣል። በተቃራኒው ክንዱን የሚሸከመው መቆሚያ ጎማ ከመታጠፊያው ኋላ መሆን አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ መቆሚያ ጎማው ከሚታጠፈው ክፍል ላይ ቀርቶ ክንዱን ለማጠፍ ፒኑ ሲነቀል፣ ተሳቢው አፍንጫውን መሬት ላይ ይተክላል። በክንዱ ጎን የሚታሰር መቆሚያ ጎማ ወደ ኋላ ሊዛወር ስለሚችል ይህን አስቀድመው ያስተካክሉ። የመብራት ሽቦው መታጠፊያውን ሲያልፍ የተወሰነ ልቅነት ይተዉለት። ተሳቢው የፍሬን ቱቦ ካለው ደግሞ በዚያ ቦታ የብረቱ ቱቦ በላስቲክ ቱቦ መተካት አለበት።

መታጠፊያውን ከተቻለ ተሠርቶ የመጣ፣ የሚሸከመው ክብደት የተጻፈበት ይግዙ፤ በክንዱ ብረት ስፋትና ቁመት ልክ ይመረጣል። ሰፈር ያለ በያጅ ሊሠራልዎ ይችላል፤ ሆኖም ይህ ዕቃ 200 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ ከ1,800 ኪሎ በላይ የሚጎትት ነው እንጂ የግቢ በር ማጠፊያ አይደለም። ፒኖቹ ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ የሚታጠፍበት፣ ሁለተኛው የሚቆለፍበት። እያንዳንዱ ፒን ከላይም ከታችም በሳህን ብረት የተያዘ መሆን አለበት። ፒኖቹ ከመንገድ በፊት ሁሌ ይታያሉ፣ የደህንነት ሰንሰለቱም ከመታጠፊያው ኋላ ካለው ዋናው ብረት ላይ ይታሰራል። ክንዱ አንድ ወጥ ብረት ሳይሆን ሁለት ብረቶች በሾጣጣ ተገናኝተው የተሠራ ከሆነ ግን መታጠፊያውን ይተዉት። ያኔ ነው ግድግዳውን ማሰብ የሚያስፈልገው፤ ያም ቢሆን ሙሉውን ግድግዳ አይደለም። ተሳቢው አፍንጫውን አስቀድሞ ከገባ፣ 60 ሴንቲ ስፋትና 80 ሴንቲ ከፍታ ያለው ቀዳዳ ብሎኬቱ ላይ ተከፍቶ ከውጭ በትንሽ የብሎኬት ሳጥን ቢሸፈን ክንዱ እዚያ ውስጥ ያርፋል። ብሎኬት ሙሌት ነው፤ ኮለንና ቢም ግን እንዳይነኩ። ግድግዳው የአጥር ድንበር ላይ ከሆነ ይህም አይቻልም።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ እንምጣ። 9 ሜትር ላይ 1 ሜትር ማለት 11 በመቶ ገደማ ነው። ለመኪና ምንም አይደለም። ለረጅም ተሳቢ ግን ቁልቁለቱ የሚያበቃበትና የጋራዡ ጠፍጣፋ ወለል የሚጀምርበት ስብራት ሁለት ጉዳት አለው፤ ሁለቱ ደግሞ እርስ በርስ ይጋጫሉ።

ተሳቢው በኋላው ሲገባ ጎማዎቹ ወለሉ ላይ ደርሰው ክንዱ ገና ዳገቱ ላይ ነው። ስለዚህ ፊቱ ወደ ላይ ያቀናል፣ ኋላው ወደ ታች ያዘቀዝቃል። ክንዱ መኪናው ላይ ከሚያርፍበት የመጎተቻ ኳስ እስከ አክስሉ 4.60 ሜትር ነው እንበል፤ መስታወቱም ከአክስሉ 1 ሜትር ያህል ወደ ፊት ይገኛል። መስታወቱ በበሩ ቢም ሥር በሚያልፍበት ቅጽበት አክስሉ 1 ሜትር ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ክንዱ ገና 3.60 ሜትር ዳገቱ ላይ ነው። መስታወቱ በዚያች ቅጽበት 9 ሴንቲ ያህል ከፍ ይላል። 1.90 የነበረው 1.99 ሆነ፤ 2.15 ውስጥ በደህና ያልፋል። የታጠፈው ታወር ግን 2.10 ሲደመር 9፣ 2.19 ነው። አያልፍም። ሜዳ ላይ የለካ ሰው 5 ሴንቲ ይተርፈኛል ብሎ ገብቶ የቢሙን ልስን የሚልጠው በዚህ ምክንያት ነው። የጎማ ነፋስ ማጉደል 3 ወይም 4 ሴንቲ ቢሰጥዎ ነው፤ አይበቃም፣ ከታችም ይጎዳዎታል።

ታወሩን ያውልቁት። ከሁለቱም ጎን በቡሎን ነው የተያዘው፣ ሁለት ሰው ይበቃዋል። ግራና ቀኙን ምልክት ያድርጉበት፣ ድምጽ ማጉያ ካለው ሽቦውን በሶኬት ያድርጉት እንጂ በየጊዜው አይቁረጡ። የማይዝጉ ቡሎኖች እርስ በርስ የመናከስ ጠባይ ስላላቸው ክሩን ግራሶ ይቀቡትና በእጅ ጀምረው ያጥብቁ። ወለሉን ቆፍሮ ዝቅ የማድረግ ሐሳብ የሚያቀርብልዎ ግንበኛም አይጠፋም። ደጃፉ ሥር የመሠረቱ ቢም ያልፋል፤ እሱ ሊቆረጥ አይችልም፣ ከእሱ በላይ የሚገኘውም ጥቂት ሴንቲ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ከታች ነው። የስኪ ጀልባ ፕሮፔለሩም መሪው ክንፍም ከሆዱ ሥር ተንጠልጥለው ነው የሚቀሩት፤ ከጀልባ ኋላ እንደሚሰቀል የውጭ ሞተር ወደ ላይ አይነሡም። መሪው ክንፍ ከአክስሉ 2 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ከሆነ፣ ጎማው ልክ ስብራቱ ላይ ሲደርስ ክንፉ 22 ሴንቲ ወደ ወለሉ ይጠጋል። ሜዳ ላይ ከመሬት 30 ሴንቲ የሚርቅ ከሆነ 8 ብቻ ቀረው። 20 የሚርቅ ከሆነ ወለሉን ነክቷል፤ የታጠፈ የፕሮፔለር ዘንግ ደግሞ ከጋራዡ ሥራ ሁሉ በላይ ያስወጣል። ይህን ርቀት በጥያቄዎ ላይ አልገለጹትም። ዛሬውኑ ተንበርክከው ይለኩት፤ ከሁሉም የበለጠ የሚያስፈልገኝ ቁጥር እሱ ነበር።

መፍትሔው ስብራቱን በአርማታ መሙላት ይመስላል። በበሩ ሥር የተጨመረ እያንዳንዱ ሴንቲ ግን ከ2.15 ላይ ይቀነሳል፤ ስለዚህ አይሙሉ። በመጀመሪያ የመጎተቻ ኳሱን ዝቅ ያድርጉት። ለቤት ብቻ የሚሆን 10 ሴንቲ ዝቅ ያለ የኳስ መያዣ ቢያሠሩ መሪው ክንፍ 4 ሴንቲ ያህል ከፍ ይላል፣ መስታወቱ ደግሞ 2 ሴንቲ ዝቅ ይላል። ከላይም ከታችም የሚያተርፍ ዘዴ ይህ ብቻ ነው። ካልበቃ 5 ሴንቲ የሚወፍር፣ 25 ሴንቲ የሚሰፋ ጣውላ በሁለቱም ጎማ መሄጃ ላይ ያንጥፉ፦ ከስብራቱ 1 ሜትር በፊት ጀምሮ 60 ሴንቲ ውስጥ ድረስ። መስታወቱ ቢሙ ሥር ሲደርስ ጎማው ከጣውላው ወርዷል፣ ስለዚህ ከላይ የሚያስከፍልዎ ነገር የለም። ጣውላው እንዳይሸሽ ከወለሉ ጋር ይታሰር።

የበሩ ነገር። ወደ ውስጥ የሚከፈተው ተካፋች 1.35 ሜትር ይዞራል፤ ከፊት የቀረዎት 25 ሴንቲ ነው፣ አይዘጋም። ወደ ውጭ እናድርገው ቢሉ ደጃፉ ወደ ውጭ ሽቅብ ስለሚሄድ የተካፋቹ ጫፍ 15 ሴንቲ ያህል መሬት ውስጥ ሊገባ ይፈልጋል። ከሥሩ 15 ሴንቲ ቆርጦ ክፍተቱን በተነቃይ ላሜራ መሸፈን ይቻላል፤ ርካሹ መንገድ ነው፣ አይጥና ጎርፍ ግን ይወዱታል። ከቢሙ በላይ እስከ ሶሌታው 40 ሴንቲ ካለዎት፣ ከውስጥ በኩል ከቢሙ በላይ የሚጠቀለል ሮሊንግ ሻተር የተሻለ ነው። ሠራተኛው ጥቅሉን ከቢሙ በታች እንዳይሰቅለው ቆመው ይዩት፤ ለእሱ የሚቀልለው እዚያ ነው፣ ለእርስዎ ግን 2.15ቱ 1.80 ሆኖ ይቀራል።

ስፋቱ ላይ 2.45 በ2.70 ውስጥ በእያንዳንዱ ጎን 12 ሴንቲ ተኩል ይሰጥዎታል። ብዙ ይመስላል። 7 ሜትር የሚረዝም ነገር አንድ ዲግሪ ብቻ ቢጣመም ግን ጫፉ 12 ሴንቲ ይስታል። ስለዚህ በዓይን አይመኑ፤ ወለሉ ላይ የጎማ መሪ ይሥሩ። ባለ 50 ሚሊ ሜትር አንግል ብረት ከሁለቱ ጎማዎች ውስጠኛ ጎን በ4 ሴንቲ ርቀት፣ ከደጃፉ እስከ ማቆሚያው ድረስ በቡሎን ከወለሉ ይያዝ። መግቢያው ላይ ጫፎቹ ወደ መሐል ትንሽ ይጠጉ። ማቆሚያው ደግሞ 10 በ10 የሆነ ጠርብ ነው፣ ጎማው ሲነካው ጀልባው ከግድግዳው 20 ሴንቲ ላይ የሚቆምበት ቦታ ላይ ይታሰር። «ና፣ ና፣ ና» የሚል ረዳት ጥሩ ነው፤ ጠርቡ ግን አይዘናጋም።

ከመንገዱ ወደ ግቢ መግባቱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። መኪናና ተሳቢ አንድ ላይ 12 ሜትር ያህል ናቸው፣ ከበሩ እስከ ጋራዡ 9 ነው። የጀልባው ኋላ ጋራዡ ደጃፍ ሲደርስ መኪናው ገና የግቢውን በር አላለፈም፤ በዚያ ሰዓት ቀጥ ብሎ መሆን አለበት። የግቢውን በር ስፋት ሲለኩ ተካፋቾቹን ከፍተው፣ ከተካፋች እስከ ተካፋች ይለኩ። የውስጥ መንገድ ጠባብ ከሆነ በሩ በሾፌሩ በኩል፣ ማለትም በግራ፣ እንዲውል አድርገው ይቅረቡ፤ ወደ ግራ እየታጠፈ ወደ ኋላ የሚገባ ተሳቢ በመስኮት ይታያል። ተሳቢው በአክስሉ ላይ ስለሚሽከረከር የኋላው ክፍል ከመዞሪያው በተቃራኒ ወዳለው ምሰሶ ይወረወራል። መረማመጃው መንገድ ላይ እንዳለ ይውለቅ የሚባለው ለዚህ ነው። የፒክአፑ ፊት ደግሞ ወደ ማዶው አጥር፣ ወደ መብራት ምሰሶው ወይም ወደ ጎርፍ ቦዩ ይወጣል፤ እሱን የሚያይ ሌላ ሰው ያቁሙ። ከግቢው በር ፊት ያለው የቦይ ክዳንም በእያንዳንዱ ጎማ ወደ 900 ኪሎ ይሸከማል ወይ ብለው ይጠይቁ።

በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ትንሽ ብልሃት አለች፦ ከፒክአፑ ፊት፣ ከሻንሲው ጋር የተያዘ ሁለተኛ ኳስ። ተሳቢውን ከመንገዱ ጥግ ላይ ከኋላ ፈትተው ከፊት ያስሩትና እያዩ ይገፉታል። የሚዞሩት ጎማዎች ከኳሱ አጠገብ ስለሚሆኑ ትንሽ መሪ ብዙ ያስተካክላል። ፓራውልቱ ላይ ብቻ የተያዘ ኳስ ግን ፓራውልቱን ይዞ ይመጣል።

በሰው ኃይል ልግፋው የሚለውን ይርሱት። ተሳቢና ጀልባ 1,800 ኪሎ ቢሆኑ ሜዳ ሊሾ ላይ ከ30 እስከ 40 ኪሎ በሚሆን ግፊት ይንቀሳቀሳሉ፤ ሦስት ሰው ይጫወትበታል። 11 በመቶ ቁልቁለት ላይ ግን 200 ኪሎ ያህል ወደ ታች ይስባል፤ የሰፈር ልጅ ሁሉ ቢሰበሰብ አይመልሰውም። ደጃፉ ላይ በፍጹም አይፈቱት። ደግነቱ መፍታት አያስፈልግዎትም፦ ጎማው ጠርቡን ሲነካ ክንዱ ከደጃፉ 50 ሴንቲ ብቻ ወደ ውጭ ይቀራል። በሁለቱም ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ ይግባ፣ መቆሚያ ጎማው ይውረድ፣ ኳሱ ይለቀቅ፣ መኪናው ግማሽ ሜትር ይውጣ፣ ክንዱ ይታጠፍ፣ ሻተሩ ይውረድ። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፤ ታኮው ከኳሱ መለቀቅ በፊት።

ስለ ውሃ። ጋራዥዎ የግቢው ዝቅተኛ ቦታ ነው፣ ክረምት ደግሞ ክረምት ነው። ከደጃፉ ፊት ሙሉውን ስፋት የሚያቋርጥ፣ 20 ሴንቲ የሚሰፋና የሚጠልቅ ቦይ ያስፈልጋል። ክዳኑ ባለ 40 በ8 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ ብረት በ4 ሴንቲ ርቀት የተበየደ፣ ብረቶቹ ቦዩን በአጭሩ የሚሻገሩ ይሁኑ። የቦዩን ውሃ ጉድጓድ ቆፍረው ለመሬቱ ለመስጠት አያስቡ። በምሥራቁ ዳርቻ ብዙ ቦታ አፈሩ መረሬ ነው፤ ሐምሌ ላይ ጠግቦ አይመጥም፣ ደግሞም አብጦ ወለልዎን ያነሣዋል። ወደ ዝቅተኛው ጎን በቱቦ የሚወጣበት ከሌለ ፓምፕ ያለው ማጠራቀሚያ ይሥሩ። ወለሉም ቢሆን በተመሳሳይ አፈር ላይ ስላለ፣ ተሳቢውን ለረጅም ጊዜ በመቆሚያ ላይ ካሳረፉት ከየመቆሚያው ሥር 30 በ30 የሆነ ወፍራም ጣውላ ያድርጉ። መቆሚያው የሚገባው ከተሳቢው ብረት ሥር ነው፣ ከጀልባው ሆድ ሥር አይደለም።

የማልስማማበት አንድ ነገር አለ፤ እሱም ሰርቪስ ቤቱ ከጋራዡ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ በመሐሉ በር እያለው ጀልባውን ማሳደር ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ መሬት መሬቱን ይሄዳል፣ በበር ሥር ሾልኮ ከሰል ምድጃ ወይም ምጣድ ያለበት ክፍል ይደርሳል። የጀልባ ሞተር ደግሞ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ስለሆነ የሚንጠባጠብ ቱቦ ቢኖር ጠረኑ እንኳ ቶሎ አይሰማም። ያ በር በብሎኬት ይደፈን። ጋራዡ ከፊትና ከኋላ፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ 20 በ20 የሆነ ወንፊት ያለው ቀዳዳ ይኑረው፤ ከላይ ብቻ የተከፈተ መስኮት ለዚህ ትነት አይረዳም። ትርፍ ጄሪካን ቤንዚን እዚያ አይቀመጥ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተርም ከጀልባው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አይሁን። ባትሪውን አስቀድመው አሉታዊውን ፈትተው ያውጡትና ሌላ ቦታ ቻርጅ ያድርጉት፤ አርፎ ሲለካ ከ12.4 ቮልት በታች እንዳይወርድ።

ከሐይቁ በተመለሰ ቁጥር የላንጋኖን ደለል ከሞተሩ ማቀዝቀዣና ከተሳቢው ፍሬን ውስጥ በንጹሕ ውሃ ያጥቡት። ሙቅ ኩሽኔታ ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲነከር ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ሐይቁ ዳር ሲደርሱ የጎማው መሐል እስኪበርድ ይቆዩ፣ ከክረምት በፊትም ግራሶው ይቀየር። የሞተሩን የማቀዝቀዣ ውሃ በመውረጃዎቹ ያፍስሱ። ለገጣፎ ውርጩ እንደ ሱሉልታ አይከፋም፤ የቆመ ውሃ ግን ሳይበርድም ያዝጋል። ሸራውን አየር እንዲያገኝ ከመሐሉ በእንጨት ደግፈው ያልብሱት፣ አለዚያ መስከረም ላይ ወንበሮቹን ሻጋታ ለብሰው ያገኟቸዋል። በመጨረሻ በመቆሚያ ጎማው አፍንጫውን ጥቂት ከፍ አድርገው ጀልባውን ወደ ኋላ ያዘንብሉትና የሆዱን ማፍሰሻ ቡሽ ይንቀሉ፤ ቡሹን ከሞተሩ ቁልፍ ጋር አንድ ላይ ይሰሩት።